የመጸው ቀለም በድሬዳዋ ሙቀት፦ የብዕር ቀለም እንዴት ይሠራል?

ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የመጸው ቀለም ነው ይላል። ቡናማም ብርቱካንማም ያለበት፣ ብልቃጡ ውስጥ እንዳለ ግን ጥቁር መስሎ የሚታይ ፈሳሽ ነው። ይህንኑ ቀለም በተማሪ ደብተር ላይ ሲጽፉበት ደብዘዝ ያለ ቡናማ ይሆናል። በለስላሳና ጠንካራ ወረቀት ላይ ወርቃማ ይወጣዋል፤ የፊደሉ ጫፍ ጫፍ ደግሞ ጠቆር ይላል። ጠዋት የተጻፈው ፈዛዛ፣ ከሰዓት በኋላ የተጻፈው ደመቅ ያለ ነው። ብልቃጡ አንድ፣ ብዕሩ አንድ፣ የሚጽፈውም እጅ አንድ ነው። ታዲያ ቀለሙን የሚለዋውጠው ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ላብራቶሪ አያሻም። ነጭ ሶፍት፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ጥቂት በረኪና፣ የሻይ ቅጠል፣ አቼቶ፣ አንድ የዛገ ምስማርና ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ይበቃሉ። ድሬዳዋ ላይ ከሁሉ ቀላሉ የመጨረሻው ነው።

ቅጠሉ ለምን ይቀላል?

አስቀድሞ «የመጸው ቀለም» የሚባለው ከየት እንደመጣ እንይ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል መጸው ሲገባ ቀኑ በፍጥነት ያጥራል። ፓሪስ ላይ በሰኔ ወር 16 ሰዓት ያህል ብርሃን አለ፤ ታኅሣሥ ላይ ወደ 8 ሰዓት ይወርዳል። ብዙዎቹ ዛፎች የቀኑን ማጠር እንደ ማስጠንቀቂያ ወስደው በቅጠላቸው ያለውን አረንጓዴ ክሎሮፊል ማፍረስ ይጀምራሉ፤ የሚጠቅመውን ንጥረ ነገርም ወደ ግንዳቸው ይሰበስባሉ። አረንጓዴው ሲነሳ ድሮውኑም እዚያው የነበረው ቢጫና ብርቱካናማ ካሮቲኖይድ ይገለጣል። በአንዳንድ ዛፎች አንቶሲያኒን የተባለው ቀይ በዚሁ ሰሞን እንደ አዲስ ይሠራል። ሁሉም ካለፈ በኋላ በደረቀው ቅጠል ላይ የሚቀረው ቡናማ በአብዛኛው የታኒን ነው። ይህን ታኒን ያዙልኝ፤ ኋላ ከሻይ ብርጭቆ ውስጥ እናገኘዋለን።

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። እዚህ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ዛፎች ቅጠላቸውን ቢያራግፉ ቀኑ አጥሮባቸው ሳይሆን ውሃ ጠፍቶባቸው ነው። ቀዩንና ብርቱካናማውን በብዛት የምናየው ከቅጠል ይልቅ ከአበባ ነው። አገሩ ማዳጋስካር ሆኖ ሳለ በአማርኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚል ስም ያገኘው ዛፍ ሲያብብ የከተማችንን የከዚራ ሰፈር ጎዳና ማየት ነው።

ቀለም ሠሪዎች ግን የሚያስቡት የሰሜኑን ቅጠል ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 የተመሠረተው የእንግሊዙ ዳያሚን «ኦተም ኦክ» የሚል ስም ያለው ብርቱካናማ ቡናማ ቀለም ይሸጣል፤ ስሙ በመጸው የሚቀላውን የባሉጥ ዛፍ የሚያስታውስ ነው። የጃፓኑ ፓይለትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኢሮሺዙኩ በሚለው ተከታታይ ምርቱ ከአገሩ ተፈጥሮ የተቀዱ ቀለሞችን ያወጣል። የምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰው ግን የራሱ መመዘኛ አለው። ብልቃጡን ያየች ጎረቤቴ የጠየቀችኝ «አቦ፣ ይሄ ቀለም ነው ወይስ ቁቲ?» ብላ ነው። እውነትም ከተቆላ የቡና ቅጠል የሚፈላው ቁቲ ሲኒ ውስጥ ሲቀር ያው ነው።

ብልቃጡ ውስጥ ምን አለ?

የብዕር ቀለም ከሁሉ በላይ ውሃ ነው። በውሃው ውስጥ ሙልጭ ብሎ የሟሟ ማቅለሚያ አለ፤ እዚያ ላይ ሦስት ረዳቶች ይጨመራሉ። አንደኛው ግሊሰሪንን የመሰለ እርጥበት ያዥ ነው፤ ሥራው ብዕሩ ጫፍ ላይ ያለው ቀለም ቶሎ እንዳይደርቅ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ውሃው እንዲለሰልስና በቀጭን ቦይ ውስጥ እንዲሾልክ የሚያደርግ፣ በሥራው ከሳሙና ጋር የሚዛመድ ነገር ነው፤ መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው። ሦስተኛው ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት ነው። አንዳንዱን ብልቃጥ ሲከፍቱ የሆስፒታል ሽታ የሚመጣው ከዚህ የተነሳ ነው።

«የሟሟ» የሚለው ቃል ዝም ብሎ አልገባም። ማቅለሚያው እንደ ስኳር በውሃው ውስጥ ፈጽሞ ስለሚሟሟ የሚዘቅጥና ቦይ የሚደፍን ቅንጣት የለውም። ብዕሩ ሳይደፈን የሚሠራው በዚህ ነው። ድክመቱም ያው ነው፦ በውሃ የሟሟ ነገር ዳግም ውሃ ካገኘ ተመልሶ ይሟሟል።

አሁን የመጀመሪያውን ሙከራ እንሥራ። ሶፍቱን ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ረዘም አድርገው ይቁረጡ። ከታችኛው ጫፍ አንድ አውራ ጣት ያህል ከፍ ብለው አንዲት የቀለም ነጥብ ያኑሩና እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከዚያ ነጥቡ ውሃ እንዳይነካው ተጠንቅቀው የሶፍቱን ታችኛ ጫፍ ብቻ ብርጭቆው ውስጥ ያስነኩ። ውሃው ሽቅብ እየጠጣ ይወጣል፤ ነጥቡ ጋ ሲደርስ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። ትንሽ ቆይተው ቢያዩት ያ አንድ ይመስል የነበረው ቡናማ ይበታተናል። ብዙ ጊዜ ቢጫው ከፊት ይመራል፤ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ የሚመስለው ይከተላል፤ ከኋላ ወይ ግራጫ ወይ ሰማያዊ ነገር ይንፏቀቃል። ቅደም ተከተሉ እንደየብልቃጡ ይለያያል፤ መበታተኑ ግን በአብዛኛው አይቀርም።

ምስጢሩ ይኸው ነው። ቡናማ ብቻውን የቆመ ቀለም አይደለም፤ ብርቱካናማ ላይ ጥቂት ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሲገባበት የሚመጣ ነው። እያንዳንዱ ማቅለሚያ ደግሞ የየራሱ ጠባይ አለው፤ አንዱ ወረቀቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ከውሃው ጋር መሄድ ይወዳል። የመጸው ቀለሞች ከአንድ ወጥ ሰማያዊ ይልቅ የሚለዋወጡትና በሚያዩት ዓይን ላይ ሕያው የሚመስሉት፣ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ሦስት አራት ጠባይ ተሰብስቦ ስላለ ነው።

ብዕሩ ቀለሙን እንዴት ያወርደዋል?

የቀለም ብዕር ፓምፕ የለውም፣ ሞተር የለውም፤ ስንጽፍም ተጭነን የምናወጣው ነገር የለም። ታዲያ ቀለሙ ወርዶ የማይፈሰው፣ ቆሞም የማይቀረው ለምንድን ነው?

የኩራዝ ክር ነጭ ጋዝን ከሥር ወደ ላይ እንደሚስበው፣ ፈሳሽ በጠባብ ቦታ ውስጥ ራሱን ይጎትታል። ከብዕሩ የብረት ጫፍ መካከል እስከ ታች የሚወርድ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ስንጥቅ አለ። ከብረቱ ሥር የተጣበቀው ጥቁር ፕላስቲክ ደግሞ ቀጫጭን ቦዮች ያሉት ነው። ቀለሙ ከመያዣው ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ስንጥቁ የሚሄደው በዚህ መሳሳብ ነው። ጫፉ ወረቀት ሲነካ ወረቀቱ ራሱ የቃጫ ድር ስለሆነ ከስንጥቁ የበለጠ ይስባል፤ ቀለሙም ወደ ወረቀቱ ያልፋል። ብዕሩ ሲነሳ መሳሳቡ ይቋረጣል።

ነገር ግን ቀለም በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት። አለበለዚያ መያዣው ውስጥ ክፍተት ተፈጥሮ ቀለሙን ወደ ኋላ ይይዘዋል። አሜሪካዊው ሉዊስ ኤድሰን ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሥራ ይህንኑ የሚመለከት ነው፤ ቀለም በአንድ በኩል ሲወርድ አየር በሌላ በኩል በልኩ እንዲገባ የሚያደርግ ቦይ ነው። ዛሬ በገበያ የምናገኘው የቀለም ብዕር ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ በዚሁ መርሕ ይሠራል። እስክሪብቶ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ወፍራምና ዘይታማ ቀለሙን የምታወጣው ጫፉ ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ኳስ ናት።

የአየሩ ጉዳይ ለድሬዳዋ ሰው የተለየ ትርጉም አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ብዕርዎን እስከ ግማሽ ሞልተው በባቡር ወደ አዲስ አበባ ቢወጡ፣ እዚያ ሲደርሱ የውጪው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ መያዣው ውስጥ የታፈነው አየርም ከ100 እጅ 15 እጅ ያህል ይለጠጣል። ብዕሩ 1 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቢሆንና ግማሹ አየር ቢሆን፣ የሚለጠጠው አየር አንዲት ሁለት ጠብታ ቀለም ገፍቶ ያወጣል። ለነጭ ሸሚዝ ኪስ ይህ ከበቂ በላይ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ወይ ብዕሩን አፉ ድረስ ይሙሉት፣ አየር አይኑርበት፤ ወይ ባዶውን ይያዙት። በሁለቱም መንገድ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይጓዝ።

ፊደሉ ላይ ጠቆር ፈዘዝ የሚለው ለምንድን ነው?

የመጸው ቀለም ወዳጆች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ ፊደል ውስጥ ሁለት ሦስት ደረጃ ቀለም መታየቱን ነው። ይህን በቅርብ ለማየት ለስላሳ ወረቀት ላይ «በ»ን ተለቅ አድርገው ይጻፉ። አግዳሚውን ስበው፣ የግራውን እግር አውርደው ብዕሩን ሲያነሱ፣ እርጥቡ ቀለም መስመሩን ተከትሎ ወደ ማቆሚያው ይሰበሰባል። ሲደርቅ እግሩ ከላይ ወርቃማ፣ ከታች ቡናማ ሆኖ ያገኙታል። ውሃው ከመስመሩ ሁሉ እኩል በንኖ ሄዷል፤ ማቅለሚያው ግን በተጠራቀመበት ቀርቷል።

የላቲን ተያያዥ ጽሕፈት ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ስለሚሄድ ብዕሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቃሉ ሲያልቅ ነው። የእኛ ፊደል ግን አንዱ ከሌላው አይያያዝም፤ በአንድ ፊደል ውስጥ እንኳን እግሩ፣ ቀለበቱ፣ ቅጥያው እየተነሳ የሚጻፍ ነው። በተነሳ ቁጥር አንድ የጠቆረ ማቆሚያ ይተዋል። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ገጽ በዚህ ዓይነት ቀለም ይበልጥ ይደምቃል። በዚህ ነገር የግዕዝ ፊደል የታደለ ነው።

ሁሉም ወረቀት ግን ይህን አያሳይም። ርካሽ ደብተር ቀለሙን ሳይውል ሳያድር ይመጠዋል፤ ቀለሙ ለመጠራቀም ጊዜ ስለማያገኝ ሁሉም አንድ ዓይነት ደብዛዛ ይሆናል። ከዚያም አልፎ መስመሩ ዳር ዳሩን እንደ ሥር ይበተናል፤ ከገጹም ጀርባ ይዘልቃል። ጥሩ ወረቀት በፋብሪካ ሲሠራ ስታርች ወይም ሌላ ማጣበቂያ ስለሚቀባ ቃጫዎቹ ይዘጋሉ፤ ቀለሙ ከላይ ተንሳፍፎ ቀስ ብሎ ይደርቃል።

ይህን የድሮ ጸሐፊዎች ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ጎረቤታችን ሐረር በእጅ የተጻፉ የቁርኣንና የእስልምና ትምህርት መጻሕፍት ማዕከል ናት፤ ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ የተጻፉት ሦስት የጨረቃ ምስል ውስጡ ባለበት የጣልያን ወረቀት ላይ ነው። በንግድ መስመር ከሩቅ የሚመጣ ወረቀት ነበር። ለመጻፊያ የተዘጋጀ፣ ቀለም የማይበታተንበት ወረቀት ያን ጊዜም ዋጋ ነበረው።

ወረቀትዎን ለመፈተን ቀላል ነው። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ለጥቂት ሰከንድ ሳያንቀሳቅሱ ይያዙት። ነጥቡ ክብነቱን ጠብቆ ከቆየ ወረቀቱ ጥሩ ነው። ጭራ ካወጣ ለእስክሪብቶ ይተዉት።

ሙቀቱና ውሃው

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፦ ጠዋት ፈዛዛ፣ ከሰዓት በኋላ ጠቆር። እዚህ ላይ ድሬዳዋ ራሷ እጇን ታስገባለች።

በሞቃቱና በደረቁ አየር ውሃ ቶሎ ይተናል። ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ብዕር ከጫፉ ያለማቋረጥ ውሃ ያጣል፤ ማቅለሚያው ግን አይተንም። ስለዚህ ስንጥቁ ውስጥ ያለው ቀለም እየወፈረ፣ እየጠቆረ ይሄዳል። እንደገና መጻፍ ሲጀምሩ የመጀመሪያው መስመር ከሌላው ጠቁሮ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከዚህ አልፎ ከደረቀ ጭራሽ አይጽፍም። ከጣራው ላይ ቬንትሌተር ሲዞር ደግሞ ነገሩ ይፋጠናል፤ አየሩ እየተለወጠ እርጥበቱን ይዞት ይሄዳልና። እያሰቡ የሚጽፉ ከሆነ በሐሳብ መካከል ክዳኑን መግጠም ይልመዱ። ብልቃጡንም ክፍቱን አይተዉት፤ በትነት የወፈረ ቀለም ሙሉውን ብልቃጥ ያጠቁረዋል።

ላብም አለ። የደረቀ የሚመስል ገጽ ላይ ያረፈ እርጥብ መዳፍ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። በሙቀት ወራት ከእጅዎ ሥር አንድ ቁራጭ ወረቀት ማኖር ገጹንም እጁንም ያድናል።

ሌላው የውሃው ነገር ነው። የድሬዳዋ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሆነ ካልሲየም ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያዎን ገልብጠው ውስጡን ቢያዩ ነጩ ቅርፊት ይመሰክራል። ይኸው ነጭ ነገር ብዕር ታጥቦ ሲደርቅ በቀጭኑ ቦይ ውስጥም ይቀራል፤ እየዋለ እያደረ ቦዩን ያጠብበዋል። ስለዚህ ብዕሩን ቀለም ሲቀይሩ በቧንቧ ውሃ ማጠቡ ባይከፋም፣ የመጨረሻው እጥበት በተጣራ ዲስቲልድ ውሃ ይሁን። የፈላ ውሃ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። የወፈረውን ብልቃጥ ለማቅጠንም ቢሆን የቧንቧ ውሃ አይጨምሩ፤ ጥቂት ጠብታ ዲስቲልድ ይበቃዋል።

ስንት ዘመን ይቆያል?

የቀለም ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ሁለት አጭር ሙከራ እናድርግ።

አንድ መስመር ይጻፉና ሲደርቅ ጠብታ በረኪና ያሳርፉበት። ዓይንዎ እያየ ይጠፋል፤ በረኪናው ማቅለሚያው ቀለም እንዲኖረው የሚያደርገውን የሞለኪውል ሰንሰለት ይሰብረዋል። ሌላ መስመር ይጻፉ፣ ግማሹን በካርቶን ይሸፍኑና ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ይለጥፉት። ሳምንታት ሲያልፉ ያልተሸፈነው ግማሽ ይፈዛል። ብርሃንም ያንኑ ሰንሰለት ይሰብራል፤ ከበረኪናው የሚለየው በመዘግየቱ ነው። የመጸው ቀለም ከብዙ ማቅለሚያ የተሠራ በመሆኑ ሁሉም እኩል አይሞትም። አንዱ ቀድሞ ሲሄድ የቀረው ብቻውን ይወጣል፤ ቡናማው ወደ ሮዝ ወይም ወደ ገረጣ ቢጫ ያደላል።

ከዚህ ጋር የአባቶችን ቀለም ያስተያዩ። የብራና ጸሐፊዎች ጥቁሩን ቀለም የሚሠሩት ከጥላሸት፣ ከተቃጠለ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ሲሆን፣ ከሙጫ ጋር አዋሕደው ለወራት ያብላሉታል። የታሪክ ምሁሩ ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1981 ላይደን ላይ ባሳተሙት የኢትዮጵያ የመጽሐፍ አሠራር ጥናት ይህን ሙያ በዝርዝር መዝግበውታል። ጥላሸት ካርቦን ነው። ካርቦን በውሃ አይሟሟም፣ ብርሃን አያፈዘውም፣ በረኪናም አያሸንፈውም። በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተጻፉ የተገመቱት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ዛሬም ይነበባሉ።

ታዲያ ይህን ቀለም በዘመኑ ብዕር ውስጥ ለምን አንጨምረውም? ምክንያቱም የጥላሸቱ ቀለም የሟሟ ሳይሆን የተንሳፈፈ ቅንጣት ነው፤ ሙጫውም ሲደርቅ ይጠነክራል። ለሸምበቆ ብዕር ምንም አይደለም፤ ሸምበቆው እየተነከረ ይጻፍበታል፣ ይጠረጋል። የቀለም ብዕር ቦይ ውስጥ ከገባ ግን ይደፍነዋል።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ያዙልኝ ያልኩት ታኒንም የሚመጣው እዚህ ነው። የዛገውን ምስማር በጥቂት አቼቶ ውስጥ ያሳድሩት። በማግሥቱ ያለ ስኳር አወፍረው ካፈሉት ሻይ ላይ ጥቂት ጠብታ ከዚያ አቼቶ ይጨምሩ። ቀይ ቡናማው ሻይ ወዲያው ይጠቁራል። የምስማሩ ብረት ከሻዩ ታኒን ጋር ተጣምሮ አዲስ ጥቁር ነገር ሠርቷል። አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ውሎቻቸውንና መዛግብታቸውን የጻፉት በዚህ ዓይነት ቀለም ነው፤ ታኒኑን የሚያገኙት በባሉጥ ዛፍ ላይ ከሚበቅል እባጭ ነበር። ሲጽፉት ፈዘዝ ብሎ አየር ሲያገኝ ይጠቁራል፤ ወረቀቱንም አጥብቆ ይይዛል። በልክ ካልተሠራ ግን በአሲድነቱ ወረቀቱን እየበላ ይሄዳል።

ብረት ያልገባበት ወፍራም ሻይ፣ ቁቲ፣ ወይም የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅሎ የሚወጣው ውሃ ራሳቸው የመጸው ቀለም ናቸው። ልጆች በተቀረጸ ሸምበቆ እየነከሩ ቢጽፉባቸው ጥሩ ጨዋታም ጥሩ ትምህርትም ነው። በቀን በሁለት ቀን ይሻግታሉ፤ የቀለም ብዕር ውስጥ ግን ለሙከራም ቢሆን አይጨምሯቸው።

እንግዲህ ይገዛ ወይስ ይቅር?

የመጸውን ቀለም የሚወስነው ብልቃጡ ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ምን ያህል እንደሚመጥ፣ ብዕሩ ምን ያህል እንደሚያወርድ፣ አየሩም ምን ያህል እንደሚያደርቅ ተደምሮ ነው። ስለዚህ በሌላ አገር ወረቀት ላይ የተነሳ የማስታወቂያ ፎቶ አይቶ መግዛት ያሳዝናል። ከተቻለ ከሻጩ ወይም ከወዳጅ ጥቂት ጠብታ ተቀብለው፣ በሚጽፉበት ወረቀት፣ በሚጽፉበት ሰዓትና ቦታ ይሞክሩት። ብልቃጡ ላይ ለፋውንቴን ፔን የተሠራ መሆኑ መጻፉንም ያረጋግጡ፤ የሥዕልና የማኅተም ቀለም ብዕር ይገድላል።

የምመክረው ይህን ነው። ለደብዳቤ፣ ለማስታወሻ፣ ለግል ዕለታዊ መዝገብ የመጸውን ቀለም ያለ ስጋት ይጠቀሙበት። ለመምህራን ደግሞ ለእርማት ይመቻል፤ ከተማሪው ሰማያዊና ጥቁር ጽሑፍ በግልጽ ይለያል፣ እንደ ቀዩም አያስደነግጥም። ውል፣ ቼክ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀት ላይ ግን አይፈርሙበት። ለእነዚህ ውሃና ብርሃን የሚችል መሆኑ የተጻፈበት ጥቁር ቀለም ይያዙ፤ እንዲያውም ከመፈረምዎ በፊት ያንኑ ጥቁር ቀለም በውሃና በበረኪና ጠብታ ይፈትኑት።